ከተመዘገብኩ በኋላ ጠይቀኝ

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባል የለ፤ የእኔን ያነሳው የሰው ማር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከደጀን ስመለስ ሉማሜ ላይ አንዲት ሴትዮ ተሳፈረች። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። "ከአጠገቤ አይራቅብኝ" ብላ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከእግሯ ሥር ወሸቀችው። ክዳኑን በላስቲክ አስራዋለች፤ ላስቲክ ማር የሚይዝ መስሏት። መንገዱ የተቦረቦረበት ቦታ ስንደርስ መኪናው አንድ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ክዳኑ ተስፈነጠረ፣ ሚኒባሱ በሙሉ ማር ማር ሸተተ። ያልተጣራ፣ ሰፈፉ የተቀላቀለበት፣ ጢስ ጢስ የሚል ማር ነው። ተሳፋሪው "ዛሬስ በማር ነው የምንገባው" እያለ ሲስቅ እኔ መስኮቴን እስከ ታች አወረድኩት። ብርዱ እንደምታውቀው ነው።

"ሾፌር፣ ምነዋ፣ በብርድ ልታስመታን ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ሽታው ከብዶኝ ነው" አልኩ።

"ማር የሚከብደው ሰው ዛሬ አየሁ" አለ። ሴትዮዋም ማሯ የተነቀፈ መስሏት ተቀየመችኝ፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ እስክንገባ ድረስ ፊቷን አዙራ ቆየች። እኔ ግን ማር አልጠላም። አልቀምስም እንጂ አልጠላም። ሰው ሲጠይቀኝ ጥርሴን ያመኛል እላለሁ፤ ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ቁጭ በል።

ያኔ ረዳት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ያመጣሁትን ውጤት ባልነግርህ ይሻላል። እናቴ "ከመኪና በር መንጠልጠልም እንጀራ ነው" ብላ አጽናናችኝ፤ እኔም ተንጠለጠልኩ። እሷና እኔ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴን በልጅነቴ ሞት ወስዶታል፤ ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ማታ ከሥራ ስገባ እናቴ ራቴን አቅርባ ታየኛለች፣ እኔ እበላለሁ፣ እሷ ዳዊቷን ትደግማለች፣ ቀኑ በዚያው ያልቃል። ብቸኝነት መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ቤት ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ገበያ ላይ ቅቤና ማር ትነግዳለች። ዲማ የተወለደች የመሪጌታ ልጅ ናት። "ለቅቤ ነጋዴ ሲኦል ቅርብ ነው" እያለች ቅቤዋን ምንም ሳትቀላቅል ትሸጥ ስለነበር ከነጋዴዎቹ ሁሉ ያተረፈችው ትንሹን ነው። መሐላ ሲባልማ አትድረስባት። ሰው በገበያ "ማርያምን!" ሲል ከሰማች ጆሮዋን ትይዛለች። ይህን ያዝልኝ፤ ጠባይዋን ካላወቅህ ነገሩ አይገባህም።

ከግቢያችን በስተኋላ አንዲት ሰርቪስ ቤት ነበረችን። በአንድ ክረምት፣ ከማዶ የተፈናቀለው ሰው ከተማውን በሞላበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት ከወንድሟ ልጅ ጋር መጥታ ተከራየቻት። ማዶ የምልህ ከአባይ ወዲያ ያለውን ነው። ብዙ የጎጃም ገበሬ መሬት ሲጠበው እየተሻገረ እዚያ ወልዶ ከብዶ ይኖር ነበር። የልጅቷም አባት ከደብረ ወርቅ አካባቢ ተነስቶ ሄዶ ነው እሷን እዚያ የወለዳት። ግርግሩ ሲመጣ እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ አባቷ "እናንተ ቅደሙ፣ ከብቶቹን ይዤ እደርሳለሁ" ብሎ ቀረ። አልደረሰም። እቃቸው በሙሉ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ እሱንም ያወረድኩላቸው እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ አክስቲቱ ሥራ ልፈልግ ብላ አዲስ አበባ ሄደች። "ስደላደል መጥቼ እወስድሻለሁ" አለቻት። ልጅቷ መንገድ መንገድ ታይ ነበር መጀመሪያ መጀመሪያ፤ ኋላ ተወችው። እናቴ የቤት ኪራዩን ነገር ዳግመኛ አላነሳችም። ልጅቷ ደግሞ ሳይነግሯት ማለዳ ተነስታ ግቢ ትጠርጋለች፣ ቅቤ ታጥባለች፣ እናቴን "እትዬ" እያለች ከኋላ ከኋላዋ ትላለች። ማታ ማታ ከዚያች ክፍል ድምፅ ይሰማል፤ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ቧንቧው ሥር እግሬን ስታጠብ እሰማታለሁ። ስለ አፈር ዓይነት፣ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት። እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ያልሰማሁትን ትምህርት ቧንቧ ሥር ቁጭ ብዬ ተማርኩት። እግሬም እንደዚያ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው። ሌላ ምንም አትፈልግም፤ ጫማ አይልህ፣ ልብስ አይልህ። ለምን ስላት "ሰው ካለበት ቤት ተባሮ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው?" አለችኝ። እኔ የማስበው ስለ ሳንቲም መመለስና ስለ ትራፊክ ፖሊስ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን እዚያው ማዶ ሳለች ወስዳለች። ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ግን የመፈተኛ ቁጥሯን በቃሏ ይዛዋለች። በዓመቱ አንድ ቀን ሥራ ዘግቼ ኢንተርኔት ቤት ወሰድኳትና አስገባነው። ውጤቷ ወጣ። ለመምህራን ኮሌጅ ይበቃል፤ ከበቃም በላይ። እኔ ባለሱቁን አቅፌ ስዘል እሷ ውጭ ወጥታ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስወጣ ጉልበቷን ይዛ ታለቅሳለች። "አባቴ ይህን አላየም" አለች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው ነገሩ የጀመረኝ፣ ወይም የጀመረኝ መሆኑን ያወቅኩት።

በማግስቱ ኮሌጅ ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያልቃል። "የዚህ አካባቢ ነዋሪ ከሆነች በመንግሥት ወጪ ትማራለች። ነዋሪ ካልሆነች እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ሙሉውን በግሏ ትከፍላለች። የቀበሌ መታወቂያ አምጡ" አለን። ሙሉው ስንት እንደሆነ ነገረን። እናቴ ቅቤዋን ከነእንስራው ብትሸጥ አይደርስበትም።

ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፤ አብረን ኳስ ተጫውተናል።

"መሸኛ" አለ።

"የምን መሸኛ?" አልኩ።

"ከመጣችበት ቀበሌ። ነዋሪያችን ነበረች፣ ለቃለች የሚል።"

ልጅቷ ቀስ ብላ "ቀበሌው ተቃጥሏል" አለችው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ እንደገና አስቀመጠ። "እኔ እኮ አይደለሁም" አለ። ማንም አይደለም፤ እኔም በኋላ የገባኝ እሱ ነው። የምትጣላው ሰው ብታገኝ እንኳ ይቀልልህ ነበር።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። የሐምሌን ዝናብ ታውቀው የለ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ወፍጮ ቤት ጥግ ገባን። ውስጥ የሚፈጨው ገብስ ነበር መሰለኝ፤ ዱቄቱ በበሩ እየወጣ ጸጉሯ ላይ ያርፋል፣ ትኩስ ትኩስ ይሸታል። ሞተሩ ስለሚጮህ ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነበረብን። እንዲያውም ጩኸቱ ነው ድፍረት የሰጠኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አልኳት።

ምን እንደሆነ አላጣችውም። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰበሰበችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። "አሁን አትጠይቀኝ" አለች። "ዛሬ እሺ ብልህ መጠጊያ አጥታ ነው ትላለህ። ባትልም እኔ ራሴ እላለሁ። ከተመዘገብኩ በኋላ ጠይቀኝ።"

"ከተመዘገብሽ በኋላ ብጠይቅሽስ?"

ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ፈገግ ትላለች እንጂ አትስቅም። "ጠይቀኝማ" አለች። ዝናቡ ቆመ፣ እኛ ግን ትንሽ ቆየን። አየህ፣ እኔ ከዚያች ወፍጮ ቤት ሌላ ሀብት የለኝም። ዛሬም ጎማ ላስነፋ በዚያ በኩል ሳልፍ መኪናውን ቀስ አደርጋለሁ፤ ወፍጮው ፈርሶ ሞባይል መሸጫ ሆኗል።

እንደ እሷ መሸኛ ያጡ ሌሎችም ልጆች ስለነበሩ ነገሩ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቀረበ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ግጥም አለ። ከሌላ ቦታ መጥተው ወረቀት የሌላቸው ልጆች ለኮሌጅ ሲሆን እንደ ነዋሪ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ ነው ጥያቄው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን መጀመሪያ ተነሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እናቴ ስትታመም ዶሮ ይዘው የመጡ ናቸው። "ኮሌጁ የሚቀበለው ልክ አለው" አሉ። "የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ግብር የሚከፍል ሰው፣ የልጁ ቦታ ለሌላ ሲሰጥበት ልጁን ወዴት ይውሰድ? ማዘን ሌላ፣ መብት ሌላ።" ብዙ ሰው አጨበጨበ። ላጭበርብርህ አልፈልግም፤ የእሳቸውን ልጅ አውቃታለሁ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጠብቃለች።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነሳ። ከወሎ መጥቶ እዚህ የከበደ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። "እኔ ስመጣ መሸኛ የጠየቀኝ የለም" አለ። "መርፌዬን አይታችሁ ሱሪ አሰፋችሁ እንጂ። ዛሬ የእኔ ልጆች ነዋሪ ናቸው። እንግዲህ የእነዚህ ጥፋት አርፍደው መምጣታቸው ነው?" ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ወደ ድምፅ አልተለወጠም።

ልጅቷ ከኋላ ነበረች። ትናገራለች ብዬ አልጠበቅኩም። ቆመች፣ ነጠላዋ አፏ ላይ ነው፣ ሰው "ድምፅ አውጪ" አላት። ነጠላዋን አወረደች። "ማዶ ሳለን 'አገራችሁ ጎጃም ነው፣ ሂዱ' አሉን" አለች። "መጣን። እናንተ ደግሞ 'ከማዶ ናችሁ' ትላላችሁ። እኔ የት ነኝ?" ብላ ተቀመጠች። አንድም ሰው ዞሮ አላያትም። ለማየት አፍረው ይመስለኛል። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ውሳኔውን አነበበ፦ መሸኛ የሌለው አይመዘገብም፤ ነገር ግን የተመዘገበ ቤተሰብ ልጅ ከሆነ የቤቱ ባለቤት ምሎ፣ ሦስት ሰው መስክሮለት ይመዘገባል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔ በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። "ላግባት ብዬ ብመጣስ? ሚስት ቤተሰብ አይደለችም እንዴ?" አልኩት። "ጥሩ ነው" አለ። "የጋብቻ ምዝገባ ሦስት ቁጥር ቢሮ ነው። የሁለታችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።" ለመታወቂያ ጋብቻ፣ ለጋብቻ መታወቂያ። ሁለታችንም ተያየንና እየመረረን ሳቅን።

እናቴን መነዝነዝ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። "ልጄ ናት በያቸው። አንድ ቃል ነው" እላታለሁ።

"ያልወለድኩትን ወለድኩ ብዬ በወንጌል ልማል?"

"የእሷ ዕድሜ ነው የሚበላሸው።"

"የእኔስ ነፍስ?" ትለኛለች። እበላለሁ እነዘንዛለሁ፣ እተኛለሁ እነዘንዛለሁ። ምዝገባው የሚያበቃው ሰኞ ነበር። ዓርብ ዕለት ከሥራ ስገባ እናቴ ከማጀት ቅቤ እያጠበች አገኘኋት። በሩን ዝጋ አለችኝ።

"በሐሰት አልምልም" አለች። "እውነት ማድረግ ግን እችላለሁ። ነገ የንስሐ አባታችንን ጠርቻለሁ፣ የእድር ዳኛውንና ሁለት ሽማግሌም ይመጣሉ። የጡት ልጄ ላደርጋት ነው።"

የጡት ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አሁን አሁን ብዙም አይደረግም፤ ያኔም አሮጌ ነገር ነበር። ያልወለደችውን ልጅ ልታደርግ የፈለገች ሴት በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቷን ማር አስነክታ ታጠባለች፤ ከዚያ ወዲያ የወለደቻት ማለት ነው። ውርስ ብትል፣ ሐዘን ብትል፣ ሁሉ እንደ ሥጋ ልጅ ነው። ጋብቻም እንደ ሥጋ ልጅ ነው። እኔ ደስታዬ ቀድሞኝ አፌን ልከፍት ስል እናቴ እጇን ከውሃው አወጣች።

"ስማኝ ልጄ። ማሩን ከጣቴ ከቀመሰች እህትህ ናት። የጡት እህትን አያገቡም፤ ይህን ቄስም ዳኛም አይፈታውም። በሆድህ ያለ ነገር ካለ ዛሬ በለኝ። ነገ ማታ ብትለኝ አልሰማህም።"

ቅቤው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እሷ ዓይኔን አላየችም፣ እኔም የእሷን። እናት አታውቅም አትበለኝ። ታውቃለች፤ ስለምታውቅ ነው በር ያዘጋችኝ። አለ ብላት ኖሮ ሽማግሌዎቹን ትመልሳቸው ነበር። ልጅቷም ሰኞ ያልፋታል፣ ከዚያ በዚያች ሰርቪስ ቤት እያነበበች ታረጃለች፣ ወይ እንደ አክስቷ ትሄዳለች።

"የለም" አልኩ።

"ደህና" አለች እናቴ። የታጠበውን ቅቤ እንደገና ታጥበው ጀመር።

ልጅቷ የመጣችው እኔ ቧንቧ ሥር ሳለሁ ነው። ገና አልመሸም፤ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መካከል ገብታ ግድግዳው ላይ ቢጫ ብርሃን ነበር። "እትዬ ነገረችኝ" አለች። እኔ ውሃውን አልዘጋሁትም። "ኮሌጁ ይቅርብኝ ብልስ?" አለች።

"ከዚያስ?" አልኩ።

የምትለው ነገር አፏ ላይ ደርሶ ሲመለስ አየሁት። እኔ ቀድሜ ብናገር ትናገር ነበር፣ ይህን አውቃለሁ፤ እሷም ከተናገረች ማንም አይመልሳትም። "ተመዝገቢ" አልኳት። ሌላ ያልኳት ነገር የለም። ሄደች፤ ያን ማታ ከክፍሏ የንባብ ድምፅ አልተሰማም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰዎቹ መጡ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከላይ ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ከግራና ከቀኝ። ጡረተኛው ጎረቤታችንም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ፤ እናቴ ሆን ብላ ነው የጠራቻቸው። "የቤት ልጅ ከሆነችማ ተቃውሞ የለኝም" ብለው መጡ። እናቴ ነጭ ለብሳለች። ማሩ በትንሽ ዋንጫ ቀርቧል፤ ከሚሸጠው ሳይሆን ለራሷ ካስቀመጠችው ነው፣ ሰፈፉ ከላይ ይታያል፣ ቤቱን ሽታው ሞልቶታል። ልጅቷ ከእናቴ ጉልበት ሥር ተንበረከከች።

የንስሐ አባታችን እናቴን ጠየቋት፣ ልጅቷን ጠየቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይህን አልጠበቅኩም። "አንተ የቤቱ ወንድ ልጅ ነህ። ነገ ርስት ብትካፈልህ፣ ብትታመም ልታስታምማት፣ ብትዳር ልትድራት፣ እህቴ ናት ብለህ ትቀበላለህ ወይ?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኔ ጣራውን አየሁ፤ አንዱ ቆርቆሮ ሚስማሩ ለቆ ቀዳዳ ሆኗል፣ መደፈን እንዳለበት አሰብኩ። "እህቴ ናት" አልኩ።

"ድገመው፣ ሽማግሌዎቹ ይስሙ።"

"እህቴ ናት" አልኩ። አጎንብሳ ከእናቴ አውራ ጣት ማሩን ጠባች። ያን ጊዜ አለቀሰች። "ደስ ብሏት ነው፣ ታልቅስ" አሉ ጡረተኛው፣ የእሳቸውም ዓይን ረጥቦ። ዋንጫው ለበረከት ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ከንፈሬን አስነካሁት። ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

ሰኞ እናቴ ቀበሌ ሄዳ እጇን ወንጌል ላይ አድርጋ ሳትንቀጠቀጥ ማለች። ሦስቱ መሰከሩ። ጸሐፊው እኔን እያየ ማኅተሙን መታ። ከሰዓት ኮሌጅ ስንደርስ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነበር። ተመዘገበች። በሩ ላይ ቆመን፣ አዲሱን መታወቂያ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊት ፊቴን አየችኝ። "በል እንግዲህ፣ ወንድምዓለም" አለችኝ መጨረሻ ላይ። እንዲያ ብላ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዝም አይነቅዝም አሉ፤ እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ በሚኒባሳችን ኮሌጅ በር ላይ አወረድኳት። እናቴን "እማ" ማለት ለመደች፤ እናቴም በሕይወቷ ሳቅ ያበዛችው በእነዚያ ዓመታት ነው። ቤታችን ማታ ማታ ሦስት ሰው ነበረው። እኔ ከሦስታችን መካከል ቁጭ ብዬ ብቻዬን ነበርኩ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ። ቧንቧ ሥር መታጠብም ተውኩ፣ ከቤት ውስጥ በጎድጓዳ ሳህን እታጠባለሁ።

ስትመረቅ ደብረ ወርቅ አካባቢ ትምህርት ቤት ደረሳት። የአባቷ አገር ነው። ዛሬም እዚያው ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ "በላህ ወይ፣ ወፍራም ልብስ ልበስ" ትለኛለች፣ ልጆቿ ስልኩን ነጥቀው "አጎቴ" ይሉኛል። አንዷ ልጅ ድምፅዋ የእሷ ነው። አንተ ደግሞ ለምን አላገባህም ልትለኝ ነው፤ ተወው፣ እናቴም እስክትሞት ድረስ ጠይቃኝ መልስ አላገኘችም። ወይ አግኝታ ይሆናል።

ያኔ እሷን ለማግባት ሽማግሌ የላከው አብሯት የሚያስተምር ሰው ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጭምት፣ ሲናገር መሬት የሚያይ። እናቴ ሽማግሌዎቹን "ወንድሟ ይመልስላችሁ" አለቻቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልጅቷን ጠየቅኳት፤ እንደ ደንቡ ለብቻዋ ጠርቼ ነው የጠየቅኳት። "ጥሩ ሰው ነው?" አልኳት። "ጥሩ ሰው ነው" አለች። ቀጥላ "ብቻውን ነው እሱም" አለች። ወጥቼ ለሽማግሌዎቹ እሺ አልኩ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። ግቢው በዳስ ተሸፈነ፣ ከበሮው ከማለዳ ጀምሮ ይመታል፣ ጡረተኛው ጎረቤታችን እንግዳ ይቀበላሉ። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዞ እንደሚከለክል ታውቃለህ። ጨዋታ ነው፤ ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ የሙሽሪት ወንድሞች ይመልሳሉ፣ ዘፈኑ ሲደምቅ፣ ሲበቃ፣ በሩ ይለቀቃል። የሙሽሪት ወንድም እኔ ብቻ ነኝ። መቃኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሚዜዎቹ ገፉ፣ መለስኳቸው። እንደገና ገፉ፣ መለስኳቸው። የሰፈሩ ጎረምሶች ከጎኔ ሆነው ያግዙኝ ነበር፤ ሲበቃቸው እየሳቁ አንድ በአንድ ለቀቁ። ዘፈኑ አለቀ። ከበሮው ቆመ። እኔ መቃኑን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ኧረ ይበቃል፣ ልጄ" አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ። "አየ እህቱን ሲወድ" አሉ ጡረተኛው፣ ለሁሉም እንዲሰማ። ሙሽራው ከፊት ለፊቴ ቆሟል፣ መሬት መሬት ያያል፣ አይገፋም። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ከኋላዬ የቀሚስ ኮሽታ ሰማሁ። ሙሽሪት ከቦታዋ አትነሳም፣ ደንብ አይደለም። እሷ ግን ተነስታ መጥታለች። ማንም ሳያያት፣ እጇን ከጀርባዬ፣ ከትከሻዬ ሥር አሳረፈችው። ቃሏ የወጣው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው።

"ሳትጠይቀኝ ቀረህ፣ ወንድምዓለም" አለች። "በል፣ ልቀቅላቸው።"

ለቀቅኩላቸው።